ባዶ የቀረው ቅዳሜ

ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ካርቶን ተሰቅሏል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ስንገዛ የታሸገበት ነው። እህቴ ቆርጣ፣ ገልብጣ፣ በማስመሪያ አሥራ ሦስት ረድፍ አወጣችበት፤ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ረድፍ፣ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሣጥን። አንዳንዱ ሣጥን በቀይ እርሳስ ተቀብቷል። ብዙው ባዶ ነው። ስለዚህ ካርቶን ልጽፍ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ትቼው እንደተነሣሁ አላውቅም። ስለ ካርቶኑ መጻፍ ስለ እሷ መጻፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ገና አልለመድኩትም።

እህቴ በአራት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። የሞተችው በገና ማግስት ነው። አርባዋን ስናወጣ ለሰው የሚቀርበውን ምግብ አንድም እንጨት ሳላነድ አበስላለሁ ብዬ ለእናቴ ቃል ገባሁ። የምጽፈው ይህን ነው። ቃሌን የቱ ጋ እንደጠበቅኩ፣ የቱ ጋ እንዳልጠበቅኩ።

ቤታችን የካ ውስጥ ነው፣ ከፈረንሳይ ሰፈር ወደ እንጦጦ የሚወስደው ዳገት ሥር። ግቢው ውስጥ አራት ቤተሰብ እንኖራለን፤ ቆጣሪያችን አንድ ነው። እናቴ እኛን ያሳደገችን በእንጨት ነው። ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች፣ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ታስራለች፣ ጎንበስ ብላ ተሸክማ ትወርዳለች። ሕፃን ሆኜ በር ላይ ቆሜ ስጠብቃት መጀመሪያ የሚታየኝ ሸክሙ ነበር። እሷ ቆይታ ነው ከሥሩ የምትወጣው። አሁን እንጦጦ ፓርክ ውስጥ አበባ ታጠጣለች። ጀርባዋ ግን ዛሬም የተሸከመች ይመስላል።

እህቴ ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ ኤሌክትሪሺያን ሆነች። ቀን አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ ሽቦ ትዘረጋለች፣ ማታ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ላምበረት አንድ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ። አምና መምህሯ አንድ ጥያቄ ሰጣቸው። አንድ አገር አየሩን ሳይበክል የሚያስፈልገውን ኃይል ሁሉ እንዴት ሊያገኝ ይችላል የሚል ነው። ሌሎቹ ከኢንተርኔት ቀድተው ሰጡ። እሷ ደብተር ገዛች።

"ሌላው አገር የሚጨነቀው መብራቱን ከምን ላምጣው እያለ ነው" አለችኝ አንድ ምሽት። "የእኛ መብራት ከውሃ ነው። የእኛ ችግር ሌላ ነው።"

"ምን?"

"መብራታችን ከውሃ፣ እሳታችን ከእንጨት። ግድቡ ንጹሕ ነው፣ ጓዳችን ጥቁር ነው።"

ደብተሩን እያነበበች አስረዳችኝ። እኔ የገባኝን ያህል ልጻፈው። ክረምት ግድቡ ይሞላል። በጋ ውሃው ሲቀንስ ንፋሱ ይበረታል፣ ፀሐዩም ያኔ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደግሞ ከመሬት ሥር የሚወጣ እንፋሎት አለ፤ እሱ ክረምት በጋ አይልም። እነዚህን ሁሉ አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲያግዘው አድርጎ ማያያዝ። ከዚያ የሚነደውን ነገር፣ ምድጃውን፣ መኪናውን፣ ዳቦ ቤቱን፣ አንድ በአንድ ወደ ሽቦ ማምጣት። እንደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ያለ ጭሱ አልጠፋ የሚል ይቀራል። የቀረውን ጭስ ዛፍ ይመልሰዋል። የሚወጣውና የሚመለሰው እኩል የሆነ ቀን አገሩ ደረሰ ማለት ነው አለች።

እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ትሰማ ነበር።

"ጭስ ይመለሳል እንዴ? ወጥቶ ቀረ እኮ ነው።"

"ዛፍ ይመልሰዋል፣ እማዬ።"

"እንግዲያው እኔ ስቆርጥ የኖርኩትን አንቺ ስትተክይ ልትኖሪ ነዋ!"

"አንቺ በቆረጥሽው አይደል እኔ የተማርኩት?"

"አፈኛ" አለች እናቴ። ደስ ብሏት ነበር።

ካርቶኑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉን ወደ ሽቦ እናምጣ ካልን ሽቦው ይችለዋል ወይ የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሣት። የግቢያችን አምፖል ደክሞ እንደ ፍም የሚቀላባቸው ቀኖች አሉ። እነሱን ቀይ ትቀባለች። ዓመቱ ሲያልቅ የገና ዋዜማ ቀይ፣ የፋሲካ ዋዜማ ቀይ፣ ኢድ ቀይ፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቀይ ሆኖ ወጣ። በጾሙ ወራት ካርቶኑ ነጭ ነበር ማለት ይቻላል። ደብተሯ ላይ "ሰው ሲጾም ሽቦውም ይጾማል" ብላ ጻፈች። ለዘንድሮ አዲስ ካርቶን አሰመረች፤ አሁን ግድግዳው ላይ ያለው እሱ ነው። ቀናቸው የማይለወጠውን በዓላት ቀድማ ቀባች። "የሚዘዋወሩትን ቆይቼ አወጣቸዋለሁ" አለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ሰምቻታለሁ። ይህን መጻፍ ያለብኝ ለዚህ ነው፤ ሰምቻታለሁ።

ስለ ጎረቤታችንም ልንገር። ጋሼ ሹፌር ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ከእናቴ ጋር ሃያ ዓመት አንድ አጥር ተካፍለዋል። አምና የናፍጣ መኪናቸውን ሸጠው የኤሌክትሪክ ገዙ። "የእኔ መኪና የዓባይን ውሃ ነው የሚጠጣው" እያሉ ሰፈሩን አሰለቹት። እህቴ የመኪናውን መመሪያ ስታነብላቸው መኪናው ኃይል መቀበል ብቻ ሳይሆን መስጠትም እንደሚችል አገኘች። አንድ እሑድ ሁላችንንም እንጦጦ ይዘውን ወጡ። ከመኪናው ሽቦ ስባ፣ ማንቆርቆሪያ ሰክታ፣ ሻይ አፈላችልን። ከተማው ከሥራችን ነበር።

"ኢንጂነር፣ መኪናዬን ሻይ ቤት አደረግሽው!" አሉ ጋሼ።

እናቴ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ዛፎቹን ታይ ነበር። "እዚህች ጋ ሸክሜን አሳርፍ ነበር" አለች ቆይታ። "ሻይ ግን አልነበረም።"

ኅዳር ላይ እህቴ ታመመች። ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም። ደብተሩ ትራሷ ሥር ነበር። መጀመሪያ ትጽፍ ነበር፣ ከዚያ እኔ እንዳነብላት ታደርግ ነበር፣ ከዚያ ደብተሩ ትራሷ ሥር ብቻ ነበር።

አርባዋ ሲቆጠር ሰኞ ዋለ፤ የዐቢይ ጾም መግቢያ ቀን። እናቴ ተጨነቀች። ከሩቅ የሚመጣ ዘመድ አለ፣ የጾም ምግብ አብልታ ልትሸኘው አልፈለገችም። የንስሐ አባታችንን ጠየቀቻቸው። ጸሎቱ በቀኑ ይደረጋል፣ ማብላቱን ግን ከፈለግሽ ቀደም አድርጊው አሏት። ቅዳሜ ሆነ።

ያኔ ነው ቃል የገባሁት። "እንጨት አናነድም" አልኳት። "ሁሉንም በምድጃ እሠራዋለሁ።"

"ድግስ ነው እኮ፣ ሻይ አይደለም።"

"አውቃለሁ።"

"መብራቱ ቢሄድስ? ሰው ተርቦ ቢመለስ የሚወራው በማን ነው? በእሷ እኮ ነው።"

"አይሄድም። አስቤበታለሁ።"

"እሷም ብትሆን እንዲሁ ትሟገተኝ ነበር" አለች በመጨረሻ። "እሺ። ሰው ፊት ግን እንዳታሳፍረኝ።"

በእርግጥም አስቤበት ነበር። ከግቢው አራት ምድጃ ሰበሰብኩ። እንጀራው ሐሙስ በየቤቱ በተራ ተጋግሮ እንዲያልቅ አደረግኩ። ጎረቤቶቹ ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ካውያም ምድጃም እንዳይሰኩ ለመንኳቸው፤ ሁሉም እሺ አሉኝ። የትኛው ድስት ከየትኛው በፊት እንደሚጣድ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ ካርቶኑን አየሁ። የካቲት፣ ቅዳሜ። ሣጥኑ ባዶ ነበር።

ባዶ ስለነበር ደስ አለኝ። እንዴት እንደምለው አላውቅም። "አትጨነቅ፣ ቀላል ቀን ነው" ያለችኝ መሰለኝ። ከሞተች በኋላ የሆነ ነገር ስትነግረኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ውሃ ልቀዳ ከታንከሩ ጀርባ ሄድኩ። በሸራ የተሸፈነ ነገር አየሁ። ገለጥኩት። ሦስት እስር ደረቅ እንጨት ነው፣ በደንብ የታሰረ።

"እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"እንጨት ነው። አታውቀውም?"

"ተነጋግረን አልነበር? ቃል ገብቼልሽ?"

"አንተ ቃል ገባህ፣ እኔ እንጨት ገዛሁ" አለች። "ሁለታችንም የየራሳችንን ሠራን።"

ሸራውን መልሼ አለበስኩት። ያን ቀን ማታ ሽንኩርት ስንከትፍ እናቴን ቀና ብዬ አላየኋትም። እህቴን ያላመነቻት መሰለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ምድጃዎቹን ሰካሁ። እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ ሁሉም እንደ ወረቀቱ ሄደ። ሽንኩርቱ በትልቁ ድስት ተቁላላ። አልጫው ተጣደ። እናቴ መጥታ ድስቱን ከፍታ አየች፣ አማሰለች፣ ምንም ሳትል ሄደች። ምንም አለማለቷ ጥሩ ነገር ነበር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የምድጃው ሽቦ ቀለሙ ወረደ። ብርቱካን የነበረው ቡናማ ሆነ። አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁት፤ ፍም መስሏል። "አይ" አልኩ ብቻዬን። ትንሽ ተንቀጠቀጠና ጠፋ።

ብሬከሩን አየሁ፤ አልወደቀም። የእኛ አይደለም ማለት ነው። ወደ በር ወጣሁ። ዳገቱ ሁሉ ጸጥ ብሏል። በየበሩ ሴቶች ማማሰያ እንደያዙ ወጥተው ቆመዋል። ከየቤቱ የሥጋ ወጥ ይሸታል። ከታች አንዱ "ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል!" ብሎ ጮኸ። ጋሼ መኪናቸውን እየወለወሉ ነበር።

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?"

"እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ? የእናንተ ቅበላ አይደለም?" አሉ። "ሰኞ ጾም ሊገባ ሰፈሩ በሙሉ ሥጋ ጥዷል። የእኛም ረመዳን ደርሷል፣ ሚስቴ ከትናንት ጀምሮ ለሳምቡሳው ምስር ስትቀቅል ነው ያደረችው። ሽቦው ምን ያድርግ?"

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እኛ ራሳችን ከጾሙ ሸሽተን ነበር ያን ቀን የመረጥነው። ሌላውም ሰው እንደኛው እንደሚያደርግ እንዴት አልታየኝም? ካርቶኑ ላይ ያለው ባዶ ሣጥን ቀላል ቀን አልነበረም። የሚዘዋወሩትን ቆይቼ አወጣቸዋለሁ ብላ ነበር። አላወጣቻቸውም። ያልደረሰችበት ቀን ነበር። እኔ ዝምታዋን እንደ መልስ ወስጄ የሰዉን ሁሉ ምሳ በላዩ ላይ ጣድኩበት።

ተመልሼ ገባሁ። እናቴ ከትልቁ ድስት አጠገብ ተቀምጣለች። ሥጋው ገና አልበሰለም። ከገጠር የመጡት ዘመዶች ላምበረት ወርደው እየመጡ እንደሆነ ደውለው ነበር። ነገርኳት። አልተቆጣችም። ባትቆጣኝ ይሻል ይሆናል ብዬ አስብ ነበር፤ አልተሻለም።

ያኔ ሻዩ ትዝ አለኝ። ሮጬ ወጣሁ።

"ጋሼ፣ መኪናው ሞልቷል?"

ወዲያው ገባቸው። "ሌሊት ሰው ተኝቶ መብራቱ ሥራ ሲፈታ ነው የምሞላው። ሙሉ ነው። ግን ያን ቀን ያፈላችው ሻይ ነው፣ አንተ ልጅ።"

"ስንት ምድጃ ይችላል?"

"እህትህ ከሁለት አታስበልጥ ብላኛለች። ሦስተኛውን ብትሰካ ራሱ ያጠፋዋል። ቆይ፣ ላስጠጋው።"

መኪናውን በሩ ድረስ አስጠጉት። ሽቦውን በመስኮት አሳለፍነው። ሁለት ምድጃ በራ። አልጫውና አታክልቱ ቀጠለ። ትልቁን ድስት ግን ምድጃው ላይ እንደጣድኩት ሰዓቴን አየሁ። በዚያ አካሄድ እስከ ስድስት ሰዓት አይደርስም። አንስቼ አወረድኩት፣ መልሼ ጣድኩት። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ።

"ትንንሾቹን ለመኪናው ተውለት" አለች እናቴ ከኋላዬ። "ትልቁን ለእኔ ስጠኝ።"

ወደ ታንከሩ አልጠቆመችም። ሄጄ ሸራውን አነሣሁ። ሁለቱን እስር በጀርባዬ ተሸከምኩ። ከታንከሩ እስከ ጓሮው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ከበደኝ። ከእንጦጦ እስከዚህ ስንት እርምጃ እንደሆነ ያኔ ነው ያሰብኩት።

እናቴ ሦስቱን ጉልቻ አስተካክላ እንጨቱን ደረደረች። እጇ አልረሳውም። ክብሪቱን ከመጫሯ በፊት "ለዛሬ ነው" አለች ቀስ ብላ። ለእኔ አልነበረም።

ጭሱ ወጣ። ወደ አጥሩ በኩል ሄደ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ተከትዬ አየሁት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዉ በላ። ጠገበ። መብራቱ የሄደው መቼ እንደሆነ ከዘመዶቻችን ማንም አልጠየቀም፤ ለእነሱ ወጥ በእንጨት መሠራቱ ብርቅ አይደለም። ለጋሼና ለሚስታቸው ለብቻ የወጣውን፣ ሥጋ ያልገባበትን አልጫ አቀረብኩ። ጋሼ አንድ ጊዜ ጎረሱና አጠገባቸው ወዳለው ሽማግሌ ዞሩ።

"ጣፈጠዎት? መኪናዬ ናት የሠራችው።"

ሽማግሌው፣ ጋሼ ሚስታቸውን "መኪና" ብለው የሚጠሯት መስሏቸው "እጇ ይባረክ" አሉ። እናቴ ጋቢዋን ወደ አፏ አስጠጋች። ከገና ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

እሑድ ጠዋት ደብተሩን አወጣሁ። ከሞተች ወዲህ አልከፈትኩትም ነበር። መጨረሻ የጻፈችው ገጽ ላይ የእጅ ጽሑፏ ተንጋዷል። እንዲህ ይላል። "ማንም ሰው ሁለተኛ መንገድ ሳይኖረው የመጀመሪያውን አይተውም። እንጨት ተዉ ከማለቴ በፊት መብራት የሄደ ቀን ምን ይያዙ የሚለውን መመለስ አለብኝ። እሱን ካልመለስኩ ይህ ጽሑፍ ገና ነው።" ከሥሩ ደግሞ ለራሷ ማስታወሻ ጽፋለች። "እማዬን መጠየቅ። ሰው ብዙ እንጨት የሚገዛት መቼ መቼ ነበር?"

እናቴ ጓሮ አመዱን ታነሣ ነበር። ወጣሁና ጠየቅኳት።

"እንጨት የሚሸጥበት ቀን?" አለች ቀና ብላ። "የቅበላ ሳምንት ነዋ። የቅበላ ቅዳሜ ሁለቴ ነበር የምወጣው። ጠዋት ያወረድኩት እስከ ሦስት ሰዓት አልቆ።"

"ታውቂ ነበር ማለት ነው።"

"ሃያ ዓመት ሙሉ ተሸክሜው እንዴት አላውቅም?"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቅከኝማ" አለች። "ካርቶኑን ጠየቅከው።"

ካርቶኑን ከግድግዳው አውርጄ ጓሮ አመጣሁት፣ ቀዩን እርሳስም። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔ ወርና ቀን እየነገርኳት እሷ ታስባለች። ቅዳሜን ቀባሁ። "ዛሬንም ቀባው" አለች፣ "ዛሬ የቅበላ እሑድ አይደል?" የፋሲካን ዋዜማ ቀባሁ። ከፋሲካ በኋላ ያሉትን የሠርግ ቅዳሜዎች በሙሉ አስቀባችኝ። የሰፈራችንን ንግሥ አስታወሰች፤ እህቴ እሱን ረስታው ነበር። ጋሼ በአጥሩ ላይ ሰምተው "የእኛንስ?" ብለው ጮኹ። ረመዳን ወሩን ሙሉ ከመግሪብ፣ ከጀንበር መጥለቂያው ሶላት፣ በፊት ያለውን ሰዓት ሁሉ ምልክት አድርግ አሉኝ። "በዚያ ሰዓት መኪናዬ ሥራ ላይ ነው፣ ማታ ግን የፈለግከውን ያህል ይመልስልሃል።" ያንንም ጻፍኩ። ለኢድ ዋዜማ እኛ ላንሰካ፣ ለፋሲካ ዋዜማ እነሱ ላይሰኩ እዚያው በአጥሩ ላይ ተስማማን። እናቴ አንድ የቀረውን እስር እንጨት ሸራውን አልብሳ መለሰችው። "ይቀመጥ" አለች። አልተሟገትኳትም።

አገር እንዲህ ይሠራ እንደሆነ አላውቅም። እህቴ ብትኖር በሚገባ ትጽፈው ነበር። እኔ ማወቅ የቻልኩት አራት ቤተሰብና አንድ አጥር ነው።

የካቲት ላይ ያልጠየቅኳት አንድ ሣጥን ቀርቶ ነበር። የእሷ አርባ በትክክል የሚውልበት ቀን።

"ሰኞስ?" አልኳት።

እናቴ ትንሽ አሰበች። "ሰኞ ጾም ይገባል። ማንም አይገዛም። አልወጣም ነበር፣ ቤት ነበር የምውለው።"

"ባዶ ልተወው?"

"ተወው። ያርፍ።"

ባዶ ተውኩት።